በረዶው እስኪያባራ

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ታጸዳ ስለነበር፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን የሚጠብቁን ጀርመን አገር ኦስትኤንድ በሚባል ሰፈር ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ክፍሎም ነበሩ። ከምጽዋ በመርከበኝነት የወጡ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ ኤርትራዊ ጡረተኛ ነበሩ። ቶሎ በሚጨልምበት የብርድ ወራት ትንሿን የጠረጴዛ መብራት ብቻ አብርተው፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገው፣ ሲጋራቸውን እየሳቡ ይተርቱልናል። ያኔ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ስለሚዞር ከእሳቸው ተለይቶ የሚታየን የሲጋራው ፍም ነበር።

የጅብና የቀበሮ ተረት የዘወትር ነው። በረዶ የጣለ ቀን ግን የሚያወሩልን አንዱን ብቻ ነበር። ሁለት መርከበኞች፣ አንዱ ጎልማሳ አንዱ ገና ልጅ እግር፣ በሰሜን ጀርመን የባሕር ጠረፍ ከወደብ ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ በረዶ ያዘለ ዐውሎ ነፋስ ከባሕሩ ተነሣባቸው። መንገዱ ጠፋ፤ ሰማይና ውሃው አልለይ አለ። ጎልማሳው፣ አገር ቤት በረዶ ሲወርድ እንደሚደረገው፣ ልጁን ግንብ ጥግ አስቀምጦ ጋቢ አከናነበውና እስኪያባራ ጠብቀኝ፣ ሰው ላምጣ ብሎ ሄደ። ሰዎች ይዞ ሲመለስ ልጁ ከጋቢው ሥር ብቅ ብሎ ምነው ጋሼ ቆዩ አለው፤ ተሳሳቁ። እዚህ ላይ እኛም እንስቃለን።

አንድ ቀን ወንድሜ ያ ልጅ አሁን የት ነው የሚኖረው ብሎ በጀርመንኛ ጠየቃቸው።  የሲጋራው አመድ ሱሪያቸው ላይ ረገፈ፤ አላራገፉትም። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የማይጠየቅ ነገር እንደተጠየቀ ገብቶኝ ወንድሜን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

«እንዳትነቃነቅ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንደ አገራችን በረዶ ቶሎ የሚያባራ መስሎኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አላባራም። ስንደርስ እንዳስቀመጥኩት፣ ከጋቢው ሥር ደርቆ ነበር። ከግንቡ ማዶ ሰው ያለበት ቤት ነበር፤ ነፋሱ ጋብ ሲል መብራቱን ሳያየው አይቀርም። ግን ትልቅ ሰው ያዘዘውን አይተላለፍም።»

ከዚያ ወዲያ ያንን ተረት አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አብሮኝ ያደገው ፍርሃት የልጁ ታዛዥነት ነው። 

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ የነገሯትን የምትሰማ ጨዋ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት በረዶ ሲጥል ዳቦ ቤት በር ላይ ጠብቂኝ ብያት ገባሁ፤ ሰልፉ ረዘመ። በመስታወቱ ሳያት ኮፍያዋ ነጭ ሆኗል፤ ካቆምኳት ቦታ ፍንክች አላለችም። ዳቦውን ትቼ ወጣሁ።

«ሁለተኛ ከዘገየሁብሽ አትጠብቂኝ» አልኳት።

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?» አለችኝ በጀርመንኛ።