ሳይለካ አይወጣም

መነጽር ቤት ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡት ሴትዮ ላይ አረፈ። አንድ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላ ግንባራቸው ላይ ሰክተዋል። የነጭ ጋውናቸው ኪስ በመጥረጊያ ጨርቅ አብጧል። አዲሱ ፕሮግራም ላይ የየሌንሱን ዋጋ እየሞሉ ነበር፤ የሕፃናቱ ጋ ሲደርሱ፣ "ለእነዚህስ ትንሽ እንቀንስ" አሉ ለራሳቸው።

ቀጥለው መነጽር ለባለቤቱ ወደሚሰጥበት የርክክብ ገጽ ገቡ። የተለካው ሌንስ ቁጥር ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ካልተመሳሰለ፣ ፕሮግራሙ መነጽሩን "ለባለቤቱ ተሰጥቷል" ብሎ እንዳይመዘግብ አደረጉት። ወጣቱ አለቃቸው ከኋላቸው ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

"እትዬ፣ ይሄ ሥራ አያጓትትብንም?" አላቸው።

"ያጓትት፣ የኔ ልጅ። ልብስ ሰፊዋ እናቴ በስህተት የሰው መነጽር ተሰጥቷት ሁለት ዓመት አደረገችው። ዓይኔ ደከመ ብላ ስፌቱን ተወች እንጂ፣ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው ብላ አልጠረጠረችም።"

አለቃው ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ "እስቲ ይሞከር" አለ።

ሴትዮዋ ሆን ብለው የተሳሳተ ቁጥር አስገቡ። ስክሪኑ ቀላ፤ አላሳልፍም አለ። እሳቸውም እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

"ጎሽ የኔ አንበሳ! እንዲህ ነው እምቢ ማለት!"