የቢቸናው ሰው ፌዴራሎችን ሊቆጣጠር ሞጣ ሄደ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቢቸና ውስጥ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት የኖረው ባንተአምላክ የሰው ስህተት ፈልጎ በማግኘት አይታማም። የአለቃውን ደብዳቤ ሳይቀር አርሞ ይመልስ ነበር። የራሱን የትምህርት ማስረጃ ግን የት እንዳስቀመጠው ካጣው ሰባት ዓመት አልፎታል።

ምርጫው ደረሰ። የሚያስፈጽሙት ከፌዴራል የተላኩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ በመራጩ ውሳኔ እጃቸውን እንዳያስገቡ የሚከታተል ደግሞ ከክልሉ በኩል ይኑር ተባለና ባንተአምላክ ሞጣ ላለ አንድ ጣቢያ ተመደበ። የሰርጉን ኮት ለበሰ፤ ቁልፉ ግን ሆዱ ላይ አልገጥም አለው። አልጋ የያዘበትን ሆቴል ባለቤት «ፌዴራልን ልቆጣጠር ነው የመጣሁ» ቢለው፣ ሰውየው «በርታ» ብሎ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጠው።

የጣቢያው ኃላፊ ትርሲት የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት። ባንተአምላክ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቃትና ሦስት ጥፋት መዘገበ፦ ሁለት ጊዜ ስልኳን አየች፤ ሰላምታዋ አጭር ነው፤ ሻይ ብትጋበዝ እምቢ አለች። ሻዩን የጋበዛት ራሱ ነው፤ እምቢ ማለቷ ትክክል መሆኑንም ልቡ ያውቃል። ቢሆንም ከሥሩ አሰመረበት።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እማማ ይርጋነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ዓይናቸው ደክሟል። የድምፅ መስጫ ወረቀታቸውን ተቀብለው ወደ መጋረጃው ሲሄዱ ወንበር መታቸውና ተንገዳገዱ። በዚያ አገር ሽማግሌ ሲደናበር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ባንተአምላክ ብድግ አለ።

«አቶ ባንተአምላክ፣ እርስዎ መግባት አይፈቀድልዎትም!» አለች ትርሲት።

እሱ ግን ደግፏቸው መጋረጃው ውስጥ ገብቷል። አሻራ እንዴት እንደሚደረግ ሊያሳያቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነከረና ወረቀቱ ላይ ካሉት የዕጩዎች ሳጥኖች የላይኛውን ጠቆመ። «እንዲህ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው የሚያደርጉት፣ እማማ።» እሳቸውም እዚያው ላይ ጫን አደረጉት። ወረቀቱን አጥፎ፣ እጃቸውን ይዞ፣ ኮሮጆው ውስጥ አስከተታቸው። በራሱ ደስ አለው።

በር ላይ ሲደርሱ እማማ ይርጋነሽ ቆም አሉ። «ያ የኔ ሰው ነው አይደል ልጄ? ከሁሉም ታች ያለው?»

ባንተአምላክ የላይኛውን ሳጥን እንዳሳያቸው ትዝ አለው። ወደ ትርሲት ሮጦ ወረቀቱ እንዲወጣለት ለመነ። እሷ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ከገባ በኋላ አይወጣም» አለችና የሆነውን በቃለ ጉባኤ ያዘች።

የሱም ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል፦ የፌዴራል ሠራተኛ በመራጭ ውሳኔ ጣልቃ ገብቷል? ቢቸና ላለው አለቃው ለሽታሁን ደወለ።

«ጣልቃ የገባ ሰው ተገኝቷል።»

«ተባረክ! ማን ነው?»

«እኔ።»

ሽታሁን የቢሮውን በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ «ቅጹ ስለኛ አይጠይቅም እኮ። አልገባም ብለህ ፈርምና ና» አለው።

ባንተአምላክ «አልገባም» ብሎ ጻፈ። እውነት ነው፤ ትርሲት አልገባችም። ቦታ ስላጣ ቅጹን ገልብጦ በጀርባው የራሱን ስም እስከ አያቱ ጻፈና ከሥሩ ያደረገውን ዘረዘረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስህተት ሲለቅም ኖሮ የዕለቱን ትልቁን ስህተት ያገኘው ራሱ ላይ ነው። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

እማማ ይርጋነሽ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባጃጅ ይጠብቃሉ። አጠገባቸው በርከክ አለና አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። እሳቸው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ደግሞ የሚመረጠው መቼ ነው?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እማማ።»

«እኔ እኮ ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው።»

ባጃጁ መጣ። ባንተአምላክ ደግፎ ሊያሳፍራቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወኝ ልጄ፣ ራሴ እገባለሁ» አሉት።