ሞተሩን ሳስታምም

መጀመሪያ የሸተተኝ የራሴ ካልሲ ነው። ቋሪት ወረዳ፣ ገበዝ ማርያም ሠርግ ቀርጬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ጅጋ ላይ ውኃ ልጠጣ ሞተሬን አቆምሁ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የኤሌክትሪክ ገመድ መስሎኝ ወንበሩን አንሥቼ ባትሪውን አየሁ። ደህና ነው። ጎንበስ ስል ሞተሩን ተደግፎ የቆመው የቀኝ እግሬ ካልሲ ጭሱ በሚወጣበት ማርሚታ ላይ ተጣብቋል። ካልሲውን ሳላቅቀው ቆዳዬም አብሮ ተነሣ። አላመመኝም።

አላመመኝም ስል ቻልሁት ማለቴ አይደለም። ምንም አልተሰማኝም። የሌላ ሰው እግር እንደማይ ቆሜ አየሁት።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ እናኑ ቁስሉን በጨውና ለብ ባለ ውኃ እያጠበች፣ "ይኸን ያህል ሲቃጠል እንዴት ሳይታወቅህ ቀረ?" አለችኝ።

"ብርዱ አደንዝዞት ነው። ቋሪት ደጋ አይደለም እንዴ?" አልኋት። ያልሁትን ራሴም አመንሁት።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ምክንያት እየደረደረ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሥራዬ ሠርግና ክርስትና በቪዲዮ መቅረጽ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሞተሬ ደግሞ የቻይና ሥሪት፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሠራ ቁመተ ረጅም ነው። ከጃፓኖቹ በዋጋ እጅግ ይረክሳል፤ ርካሽነቱም ያስታውቃል። ብሎኑ ይላላል፣ ወንበሩ ድንጋይ ነው፣ ከፍጥነት ጋር መሪው ይንዘፈዘፋል። ቢሆንም እወደው ነበር። መንገዱ ሰላም በሆነባቸው ወራት ሥራ ሲቀዘቅዝ ድንኳንና ብርድ ልብስ ጭኜ እወጣለሁ። አንዴ ጎንደር፣ አንዴ በቡሬ በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ወርጃለሁ። ስለዚህ በየጊዜው እቀይረዋለሁ፤ ሳጥን አስገጥማለሁ፣ መብራት እጨምራለሁ፣ መሪውን ከፍ አስደርጋለሁ። ብየዳውን የሚሠራልኝ ቡሬ ያለው ምናለ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለዋለሁ እንጂ አንተ የምንባባል ወዳጆች ነን።

ካልሲው ከተቃጠለ በኋላ የግራ እጄ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር። ሞተር የሚነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ንዝረት ነው። ጋሼ ምናለ ዘንድ ሄድሁና ንዝረቱን እንዲውጥ መሪው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ አስሞላሁ። ትንሽ ተሻለኝ መሰለኝ። እንደገና ሲደነዝዝ እጀታውን በወፍራም ስፖንጅ ቀየርሁ። ማርሚታው ላይም እግሬን እንዳይነካ የቆርቆሮ መከለያ አስበየድሁ። ደንዘዝ ባለኝ ቁጥር ሞተሩን አስታምም ነበር።

አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ እናኑ ጀርባዬን እያሸች ሳለ ቆም አለች። "እዚህ ላይ ቆዳህ ነጣ ብሏል። ደግሞም ደርቋል" አለች። ጭርት ነው ብዬ ቅባት ገዛሁ። ለወራት ተቀባሁት።

የወደቅሁት መራዊ አካባቢ፣ ቆጋ መስኖ አጠገብ ነው። ወደ ባሕር ዳር እየሄድሁ ነበር። ማርሽ ለመጨመር የግራ እግሬን ጣቶች ከማርሹ ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ላነሣ ሞከርሁ። እግሬ አልተነሣም። እንደገና አዘዝሁት። አልተነሣም። ሞተሩ ይጮኻል። ምን ሆነ ብዬ ቁልቁል ሳይ አስፋልቱን ለቅቄ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ገባሁ።

ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሰዎች መጥተው ሞተሩን አነሡልኝ። አጥንቴ አልተሰበረም። ከቦዩ ዳር ተቀምጬ እግሬ ለምን እምቢ እንዳለኝ ለማየት ጫማዬን አወለቅሁ። ከውስጡ ብሎን ወደቀ። ጠዋት የሳጥኑን ክዳን ሳጠብቅ ጠፍቶኝ የፈለግሁት ብሎን ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ መራዊ ረግጨው መጥቻለሁ። ውስጥ እግሬን በስቶታል። ካልሲዬ በደም ርሷል።

አንዱ ሰውዬ ብሎኑን አንሥቶ ሰጠኝ።   ነገሩ የሞተር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሆስፒታል ሄድሁ። የመረመረችኝ ዶክተር ወጣት ናት። ጥጥ አሹላ ያዘች። "ዐይንህን ጨፍን። የነካሁህን ቦታ በጣትህ አመልክት" አለችኝ። ጨፈንሁ። ጠበቅሁ።

"መቼ ነው የሚጀምሩት?" አልኋት።

"ጨርሻለሁ" አለች።

ቀጥላ ክርኔን ዳሰሰች። እዚያ ያለው ነርቭ እንደ ገመድ አብጦ ነበር። ከጆሮዬ ጫፍ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ፣ "የሥጋ ደዌ ነው። ይድናል። መድኃኒቱ እዚሁ አለ፣ አትከፍልበትም። የሞተውን ነርቭ ግን መልሼ እሰጥሃለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም" አለችኝ።

ሰዎች ምን እንደተሰማኝ ይጠይቁኛል። ምንም። አላለቀስሁም። አልደነገጥሁም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አየሁ። ጥፍሬን አየሁ። እናኑ አጠገቤ ነበረች። ልጃችን ቃልኪዳን ጡት አልጣለችም።

"ላጥባት እችላለሁ?" አለች እናኑ።

"ትችያለሽ። አሁን መድኃኒት ከጀመረ ወደ ሰው አያስተላልፍም። እናንተንም ግን አያችኋለሁ" አለች ዶክተሯ። አየቻቸው። ደህና ነበሩ።

እኔ ግን የሰማሁትን አላመንሁም። ወይም አምኜ እጄ አላመነም። ስቱዲዮው ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። ሳህኔን ለየሁ። ቃልኪዳን እየዳኸች ስትመጣ እነሣለሁ። እናኑ ልጅቱን አንሥታ ትወጣለች። ሰው ሲጠይቀኝ "ሪህ ነው" እላለሁ። ሥራ አቆምሁ። ሞተሩን ሸራ አለበስሁት።

መድኃኒቱ ኤም ዲ ቲ ይባላል። ሦስት ዓይነት ነው። ሪፋምፒሲን የዋጥሁ ቀን ሽንቴ ቀላ፤ ደም መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ክሎፋዚሚን ፊቴን አጠቆረው። ዳፕሶኑ ብዙም አልታወቀኝም። ይህን የማነሣው ሽንቱ ሲቀላ ወይም ፊቱ ሲጠቁር ፈርቶ የሚያቋርጥ እንዳለ ስለ ሰማሁ ነው። አታቋርጡ።

ወሬው ግን ከኔ ቀደመ። የእናኑ አባት መሪጌታ ናቸው፤ ቋሪት ላይ ቅኔ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ሳይልኩ መጡ። ተቀመጡ። ስለ ዝናብ አነሡ፣ ስለ ገብሱ አነሡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ይህች ልጅ ከስታለች። ለጥቂት ጊዜ ወስጄ ላሳርፋት ብዬ ነበር" አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። አንገቴን ደፋሁ። ቢወስዷት አልፈርድባቸውም ነበር። እንዲያውም ትሂድ ብዬ ልናገር አፌን ከፈትሁ።

"አባዬ፣ እኔ አልደከመኝም" አለች እናኑ። "አንቱ ግን ከመንገድ ነውና የመጣችሁ፣ ከኛው ጋር እደሩ።"

 መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አጠገባቸው አስቀመጡ። ራት ቀረበ። እናኑ የኔን ሳህን አላመጣችም፤ አንድ ትሪ ብቻ አቀረበች። መሪጌታ ባርከው ቆረሱ። እኔ እጄን ሳልዘረጋ ስቀር፣ "ብላ እንጂ፤ የታመመ ነው መብላት ያለበት" አሉኝ። በላሁ። የበላሁት ምን እንደነበር አላስታውስም።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ክርኔ ያመኝ ጀመር። ለዓመት ያልተሰማኝ ክንድ በእሳት ተያዘ። የግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ጨርሶ ተንጠለጠለ። መድኃኒቱ እየገደለኝ ነው አልሁ። ዶክተሯ "ሪአክሽን ይባላል። ሰውነትህ ከሞተው ጀርም ጋር እየተጣላ ነው። ዛሬውኑ መምጣትህ ጥሩ ነው" አለች። ብግነቱን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ጀመረችልኝ። ፊቴ አበጠ። እንቅልፍ አጣሁ። ሕመሙ ግን ሄደ።

ከዚያ የመጡት ወራት ቀስ ያሉ ነበሩ፤ የግራ እግሬን በገመድ እየሳብሁ ማንቀሳቀስ፣ ማታ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ቫዝሊን መቀባት፣ ጣቶቼ እንዳይታጠፉ ጭኔ ላይ አስደግፌ ማቃናት፣ ይህን ሁሉ እናኑ እያሳሰበችኝ፣ አንዳንዴም ሳታሳስበኝ እኔው ራሴ እያደረግሁት የክረምቱ ዝናብ አለፈ። የእጄ ጉልበት ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ስሜቱ ግን ግማሹ ብቻ። እግሬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይነሣም። ፕላስቲክ መደገፊያ ጫማዬ ውስጥ አድርጌ እሄዳለሁ።

መስከረም ላይ ሸራውን ገፍፌ ሞተሩን አስነሣሁት። እናኑ ደጃፍ ላይ ቆማ "ማርሹን በምን ትጨምረዋለህ?" አለችኝ።  በዝቅተኛ ማርሽ እያዘገምሁ፣ መንኩሳን አልፌ ቡሬ ገባሁ።

ለጋሼ ምናለ መንገር ነበረብኝ። ሪህ ብዬ ብሸሸው እግሬ የት ድረስ እንደሚሠራ ሊያውቅ አይችልም። ነገርሁት። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ።

"ይጋባል?" አለኝ።

"አሁን አይጋባም። መድኃኒቱን እየጨረስሁ ነው።"

ጨርቁን አስቀምጦ "እንግዲያው እግርህን አምጣ" አለና ጫማዬን ይዞ ከማርሹ ጋር ለካው። ከሐኪም ሌላ ያን እግር የነካ የውጭ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ከአሮጌ ሞተር ላይ ከፊትም ከኋላም የሚረገጥ ማርሽ ፈትቶ ቆረጠና በየደልኝ፤ ስለዚህ አሁን ጣቴን ማንሣት ሳያስፈልገኝ ማርሹን በተረከዜ ወደ ታች ረግጬ እጨምራለሁ። የፍሪሲዮኑን እጀታ ለደከመው እጄ አቀረበልኝ። ማርሚታውንም ከላይ እስከ ታች በወንፊት ብረት ሸፈነልኝ፤ የመጀመሪያው የቆርቆሮ መከለያ ከግማሽ በላይ አልሸፈነም ነበርና። የያኔው ሥራችን ሁለታችንንም አሳቀን።

የመጀመሪያ ረጅም ጉዞዬ እስከ ጣና ዳር ነበር። በየከተማው እቆማለሁ፤ ኮሶበር ላይ፣ ዳንግላ ላይ፣ ጫማዬን አውልቄ ውስጡን በእጄ እዳስሳለሁ፣ ካልሲውን እገለብጣለሁ፣ ውስጥ እግሬን በትንሽ መስተዋት አያለሁ። እግሬ የማይነግረኝን በዐይኔ እፈልጋለሁ። ሰው ያየኛል፤ ይየኝ። ሀይቁ ዳር ስደርስ ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ነፋሱ ደረቴን ሲነካኝ ተሰማኝ። ያም ይበቃኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ቃልኪዳን በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። አነሣኋት። ክብደቷ በሁለቱም ክንዶቼ ታወቀኝ።

ለዶክተሯ፣ ለእናኑ፣ ትሪው ላይ ለቆረሱልኝ አማቴ፣ እግሬን ለያዘልኝ ጋሼ ምናለ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለምታነቡኝ የምለው ጥቂት ነው። ነጣ ብሎ የማያሳክክና የማያልበው ቆዳ ካያችሁ፣ እሳት ነክቷችሁ ካልተሰማችሁ፣ ንዝረት ነው፣ ብርድ ነው፣ ጭርት ነው አትበሉ። ዛሬ ሄዳችሁ ታዩ። እኔ በዘገየሁበት ዓመት ያጣሁትን ማንም አይመልስልኝም። ዘር አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፤ ጀርም ነው፣ ይሞታል። የቤታችሁንም ሰው አስመርምሩ። የመድኃኒት ቀን አትዝለሉ። ሕመሙ በድንገት ከተነሣባችሁ አትደበቁ፣ ወደ ሐኪማችሁ ሩጡ።

በቅርቡ ደምበጫ አካባቢ ሠርግ ስቀርጽ፣ ከዳሱ ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብርጭቆ ሲይዙ በካሜራው አየኋቸው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ ጫፋቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሥራዬን ስጨርስ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"አባባ፣ እጅዎን ያምዎታል?" አልኋቸው።

"ኧረ ምንም አያመኝ። እርጅና ነው" አሉ።

የግራ እጄን ከእጃቸው ጎን ዘርግቼ አስቀመጥሁት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። የኔም ጣቶች እንዲሁ ደንዝዘው እንደነበርና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንደታከምሁ ነገርኋቸው። ከሙሽራው ቤት ዘፈን ይሰማል፤ እሳቸው ግን ወደኔ ጠጋ ብለው ደጃፍ የቆመውን ሞተር በአገጫቸው አመለከቱኝ።

"ሰው ያፈናጥጣል?"

"ያፈናጥጣል" አልኋቸው።