ቅዳሜ ከሰዓት በአናጢው ግቢ

ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር። ሥራ ላይ ዝምተኛና ጨዋ ሰው ነው። ከሃና በረሃ ተመልሶ ጂንካ ሲገባ ግን፣ ቤቱ ሳይደርስ አረቄ ቤት ይደርሳል። ቅዳሜማ አይነሳ። የገበያ ቀን ስለሆነ ከየአቅጣጫው የመጣው ወዳጅ ሁሉ ይጋብዘዋል፤ እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅም። እኔ ገበያው ዳር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ስለነበር፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ስል ሰው ደግፎት ሲያልፍ አየዋለሁ።

አይመታኝም፤ አይሰድበኝም። ገብቶ ይተኛል። እሑድ ሲነቃ ያፍራል፣ ሰኞ ወደ በረሃው ይሄዳል። ልጆቻችን አባታቸውን የሚያውቁት ተኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን አልዱባ ገበያ፣ የሰፋሁትን ቀሚስ ይዤ ሄጄ፣ አጠገቤ ጎመን ከምትሸጥ የአሪ ሴት ጋር ስለ ባሎቻችን ወሬ ጀመርን። የእሷ ባል መጠጥ ትቷል።

«እንዴት ተወ? ጠበል ወሰድሽው?» አልኳት።

«ጠበል አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጂንካ፣ አናጢው ቤት ይቀመጣሉ። ሁሉም ሰካራም የነበሩ ናቸው።»

«ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ?»

«አይጠጡም» አለችና ሳቀች።

በማግስቱ አናጢውን ፈልጌ ሄድኩ። ግቢው አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ነበር። አሪ ነው፤ አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። «ና፣ እህቴ፣ ግባ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። እሱም በወጣትነቱ መሣሪያውን ሳይቀር ሸጦ ይጠጣ እንደነበር፣ ቅዳሜ ብቻውን መዋል ሲያቅተው እንደሱ የተቸገሩ ሰዎችን ወደ ግቢው መጥራት እንደጀመረ ነገረኝ።

«ባልህ ራሱ ይምጣ» አለኝ። «አንተ አትጎትተው። ተጎትቶ የመጣ አይቀመጥም።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። አናጢው ጴንጤ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ጴንጤ ልታደርጊኝ ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። ሄደህ እየው፤ ካላማረህ ትመለሳለህ።»

አልሄደም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልሄደም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ እኔ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከልኩ፣ በረንዳው ሥር መጥቶ ቆመ። ገና አልጠጣም ነበር። «ቦታው የት ነው ያልሽኝ?» አለ። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። መኪናዬን ከድኜ ይዤው ሄድኩ።

ጣውላ ላይ የተቀመጡ ወንዶች ነበሩ፤ ገበሬ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ቆዳ ነጋዴ አለ። የአናጢው ሚስት የቡና ገለባ አፍልታ ሸፎሮ የሚባለውን በቅል ታቀርባለች። እኔ ከእሷ ጋር ጓሮ በቆሎ እየፈለፈልኩ እሰማለሁ። እያንዳንዱ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈ ይናገራል፤ ማንም አይመክረውም፣ ማንም አያቋርጠውም። በመጨረሻ አናጢው አጭር ጸሎት ያደርጋል። ባለቤቴ በራሱ ወግ አማተበ፤ ማንም ምንም አላለውም። ወደ ቤት ስንመለስ «አስተማሪው ከእኔ ይብስ ነበር ለካ!» አለኝ። ደስ ብሎታል።

በዚያን ጊዜ ሰው ሳያስፈቅድ መሰብሰቡ አይወደድም ነበርና ቀበሌ አናጢውን ጠራው።

«አጀንዳችሁ ምንድን ነው?»

«አለመጠጣት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ ጓድ። እሱም ከብዶናል።»

ሊቀመንበሩ ቢያስብ ቢያስብ የሚከለክለው ነገር አጣ። ግን አንድ የአብዮት ጥበቃ ሰው እየተገኘ እንዲከታተል አዘዘ። ሰውየው መጀመሪያ ጠመንጃውን ይዞ በር ላይ ይቆም ነበር። ኋላ ሸፎሮ ተሰጠው። ኋላ ጣውላው ላይ ተቀመጠ። አንድ ቅዳሜ ተራው የሱ ሳይሆን «እኔም ልናገር?» አለ፤ ተናገረም፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረም።

ባለቤቴ ለወራት ደህና ከረመ። ከዚያ ለረጅም ሥራ ሃና ሄዶ ሲመለስ፣ ከበር ሳይገባ አረቄው ሸተተኝ። ቅዳሜ ሲደርስ አልሄድም አለ።

«በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

አልጎተትኩትም። ከሰዓት አጥሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ፤ አናጢው፣ ጥበቃው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም የሸፎሮውን ማሰሮ ጭምር ይዘው መጥተዋል። ግቢያችን ውስጥ ያለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ።

«ወንበር አላስቸገርንህም» አለ አናጢው ወደ ቤቱ ጮክ ብሎ፤ «መሬቱ ይበቃናል።»

ባለቤቴ ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። ጥበቃው ቅሉን አቀበለውና ቀጣዩ ሰው ስለ ሳምንቱ ማውራት ጀመረ፤ ሌላ ነገር አልተነሳም።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ዓመታት ሁሉ ቀላል ነበሩ አልልም። ግን ሰኞ በረሃ ሲወርድ ወዲያው ስለ ቅዳሜው ማሰብ ይጀምራል፤ ወዳጅ ሲጋብዘው «ቀጠሮ አለኝ» ማለት ተማረ። ከአናጢው ግቢ ሲወጣ ወደ በረንዳዬ ይመጣል፤ ገበያው ሳይበተን አብረን እንገዛለን። ዋጋ መከራከር ፈጽሞ አይችልም፤ ሙዝ ስመርጥ የበሰለውን ትቶ ጥሬውን ያነሳል። «ተው፣ አንተ ተሸከም ብቻ» እለዋለሁ። ዘንቢሉን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ፣ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል።