ለአንድ ቁስለኛ የተጻፈ ማመልከቻ

ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው የወሰዱኝ ስለ ጦርነት በጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ምክንያት ነበር። ጠመኔ እንደያዝኩ ነው ቡታጅራ የሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ የገባሁት። የእስር ክፍሉ ግድግዳ ሰው እየተደገፈው እስከ ትከሻ ቁመት በወዝ ጠቁሯል። በጥጉ የወታደር ሱሪ የለበሰ ሰው ተቀምጦ ነበር። ምስጢሬን ሊያወጣጣ የተላከ ጆሮ ጠቢ መስሎኝ ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈግሁት።

በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ዘበኛው የበሩን የብረት መቀርቀሪያ በኃይል ሳበው። ሰውየው ተወርውሮ ከወለሉ ጋር አጣበቀኝ፤ በሰውነቱ ሸፈነኝ። የልቡን ምት ጀርባዬ ላይ ሰማሁት።

«አብሽር፣ በር ነው» አሉት የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ በርበሬ ነጋዴ የነበሩ ሽማግሌ። «ተነስለት ልጄ፤ ምሳ እንጂ ጥይት አልመጣበትም።»

ተነሣና ልብሴን አራገፈልኝ። «ይቅርታ መምህር» አለ።

ምሳውን ያመጣችው ሚስቱ ነበረች። በየቀኑ በሩ ድረስ ትመጣለች፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ምክንያቱን ካቦው በለሆሳስ ነገሩኝ። ከግንባር ለዕረፍት ወደ መንደሩ በመጣ በሳምንቱ፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚያፈርሱ ሰዎች ድማሚት አፈነዱ። እሱ ጦርነት የደረሰ መስሎት የዓመት ቀለባቸውን ቆጮ ከተቀበረበት ጉድጓድ ዝቆ አወጣ። በምትኩ ሚስቱንና የአራት ዓመት ሴት ልጁን አስገባ፤ በእንሰት ቅጠል ከደናቸውና በላያቸው ዘብ ቆመ። ጎረቤት የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የተጠረጠረው ቤተሰቡን በሕይወት ሳሉ ሊቀብር ሞክሯል ተብሎ ነበር።

ስለ ጦርነት ጽፌ የታሰርኩት እኔ ነኝ። ስለ ጦርነት የማውቀው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው።

ሚስቱ በበሩ ፍርግርግ ወረቀት አሾልካ ሰጠችኝ። «መምህር፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ፍርድ ቤት ሳይሆን ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ሊገድለን አልነበረም። እያለቀሰ ‹አይዟችሁ› ይለን ነበር።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ «የአእምሮ ሕመምተኛ በመሆናቸው» ብዬ ጀመርኩ። ወታደሩ ከኋላዬ ሆኖ አነበበው።

«ሰርዘው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ቁስለኛ በል። ግንባር ላይ ቁስለኛ ይነሣል እንጂ አይታሰርም።»

ሰርዤ ጻፍኩ። ዘበኛው ተቀብሎ አነበበና ሳቀ። «ቁስሉ የታለ? እስቲ አሳየን ጀግናው።»

ወታደሩ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወረቀቱን መልሶ ተቀበለው። እጁ በጣም ይንቀጠቀጥ ስለነበር በግራው የቀኙን አንጓ ይዞ ፈረመ። ዘበኛው ሳቁን አቆመ። ከዚያ ወታደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ልጅቱስ?»

«መቼ ነው የሚመጣው ትላለች።»

ከሳምንት በኋላ ወደ ሆስፒታል ወሰዱት። እኔም ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅሁ።

ባለፈው ወር ሚስቱን ከልጅቱ ጋር ቡታጅራ ገበያ አገኘኋት። ሕክምናውን እንዳላቋረጠ፣ እንቅልፍም እየወሰደው እንደሆነ ነገረችኝ። እየተነጋገርን ሳለ አንድ ነጋዴ የሱቁን የቆርቆሮ በር እያንጓጓ ገፋው። እናትና ልጅ እኩል ጎንበስ አሉ። ሁለቱም ወዲያው ቀና አሉ።

«እናንተንስ ያያችሁ ሐኪም አለ?» አልኳት።

«እኛ ምን ሆንን ብለን እንሂድ?» አለችኝ፤ የልጅቱን ነጠላ እያስተካከለች።

በዚያች ማመልከቻ በልቤ እኮራ ነበር፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ ሥራ የሠራች እሷ ናት ብዬ። ለአንድ ቁስለኛ ጻፍኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ለነበሩት ለሁለቱ ግን አልጻፍኩላቸውም።