ለኪራን የተረጎምኳቸው ፊልሞች

ልጅ ሳለሁ የህንድ ፊልም በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሁሉንም በጆሮዬ ነው የጨረስኩት። የሚነግሩኝ የእናቴ አጎት ጋሼ ደምሴ ነበሩ። መርካቶ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ያላገቡ፣ ያልወለዱ፣ እሁድ ከሰዓት የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ሲኒማ ቤት ካልገቡ ሳምንቱን ሙሉ የሚከፋቸው ሰው። እናቴ ስፖንሰር አድርጋ ወደ ካናዳ፣ ካልጋሪ ስታመጣቸው እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። በከተማው ሰሜን ምሥራቅ በነበረው ቤታችን ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ፣ ተሰጣቸው፤ እዚያ አንድ አልጋ፣ መሃሉ የሰመጠ ሶፋና ግድግዳው ውስጥ የተገጠመ በጋዝ የሚነድ ምድጃ ነበር።

ያኔ ዊንተሩ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። ራት ከተበላ በኋላ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ ጋሼ ደምሴ ጋቢያቸውን ለብሰው ይጠብቁኛል። «መብራት!» ሲሉ ሮጬ የጣሪያውን አምፖል አጠፋለሁ፤ ሲኒማ ቤት መብራት ሳይጠፋ ፊልም ተጀምሮ አያውቅማ። የሚቀረው ጥግ ላይ ያለችው የቁም መብራትና የምድጃው እሳት ነው። እሳቱ የይስሙላ ነበር፤ ግንዶቹ ከሸክላ የተሠሩ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ጭስ የሚባል የሌለው። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ሞቅ ካደረጉ በኋላ ባቡሩን በአፋቸው ያፏጩታል፣ ዝናቡን በጣቶቻቸው የሶፋው ክንድ ላይ ያዘንቡታል፣ ዘፈኑ ሲደርስ ቃሉን ሳያውቁ በዜማው ያንጎራጉራሉ።

ከሁሉም የምወደው የባቡር ሐዲድ ጠባቂውን ልጆች ታሪክ ነበር። ወንድምየው ሥራ ፍለጋ ወደ ቦምቤይ ይሄዳል፤ እህቱ ከታመመች እናታቸው ጋር ትቀራለች። እናትየው ትሞታለች። ወንድምየው ከብዙ ዓመት በኋላ የዓይኑን ብርሃን አጥቶ ሲመለስ፣ እህቱ ሐዘኑን አይችለውም ብላ ስለፈራች የእናታቸውን ድምፅ አስመስላ «ልጄ፣ መጣህልኝ?» ትለዋለች። ጋሼ ደምሴ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይሰበራል። ሶፋው ላይ ከጎናቸው፣ ጋቢያቸው ጫፍ ውስጥ ገብቼ የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፊልሞቹ ሁሉ የእኔ ይመስሉኝ ነበር።

ከዚያ ኪራን መጣች።

ኪራን ከህንድ የመጡት የፑንጃቢ ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት፤ የክፍል ጓደኛዬም ነበረች። አባቷ ረጅም መንገድ የሚሄድ የትራክ ሹፌር ነበር፤ እናቷ ኤርፖርት ውስጥ ጽዳት ትሠራ ነበርና ሺፍቷ ወደ ማታ ሲዞር ኪራንን እኛ ቤት ታስቀምጣት ጀመር። መጀመሪያ ቀን ይዣት ወደ ቤዝመንት ስወርድ ጋሼ ደምሴ ከሶፋው ተነሡ። ለሰው የሚነሡ አይመስለኝም ነበር።

«የህንድ ልጅ!» አሉ። «ነይ እናቴ፣ ነይ እዚህ ጋ። ሊያ፣ ፊልሙን ታውቀው እንደሆነ ጠይቂያት።»

ጠየቅኋት። አንድም አታውቅም። እናቷ ከሥራ ስትመለስ ቴሌቪዥን የምታይበት ጉልበት አልነበራትም፤ ኪራን የምታየው እኔ የማየውን ካርቱን ነበር። ጋሼ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በደስታ እጃቸውን አፋተጉ።

«እንግዲያው ገና ልታየው ነው ማለት ነው! የታደለች!» አሉና ኪራንን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት። እኔን ደግሞ፦ «አንቺ ከጎን ሁኚ፤ አስተርጓሚ ቦታው ከጎን ነው።»

እንግሊዝኛቸው ከ«ታንክ ዩ» አያልፍም። ስለዚህ እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ ለኪራን እነግራታለሁ። ባቡሩንም ዝናቡንም እኔው ነበርኩ ወደ እንግሊዝኛ የማሻግረው። የእናትየዋን ድምፅ እንዴት እንደምለው አስቤ አስቤ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስናገረው ኪራን አለቀሰች። ያለቀሰችው እኔ ስናገር ነው። እያለቀሰች የምታየው ግን ጋሼ ደምሴን ነበር።

ያ ነገር ምን ያህል እንዳስቀናኝ ዛሬም አልረሳውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪራን ወዴት እንደምታይ መጠበቅ ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቀን ኪራን አሟት ቀረች። ደስታዬን ከእናቴ መደበቅ አቃተኝ፤ ራቴን ሳልጨርስ ወረድኩና ሳልታዘዝ መብራቱን አጥፍቼ ድሮ ቦታዬ ላይ፣ ከጋቢያቸው ሥር ገባሁ።

«ልጅቷስ?» አሉኝ።

«አሟታል።»

«እንግዲያው ዛሬ ይቅር» አሉ። «ስትመጣ ካቆምንበት እንቀጥላለን።»

«ለእኔ ይንገሩኝና እኔ ለእሷ እነግራታለሁ።»

«አይሆንም። እሷም ትኑር» ብለው መብራቱን አስበሩኝ። ወደ ላይ ወጥቼ ባኞ ቤት ቆልፌ አለቀስኩ። እናቴ በሩን እያንኳኳች ምን ሆነሽ ስትለኝ ሆዴን አመመኝ አልኳት።

ሌላ ቀን ደግሞ የኪራን እናት ከሥራ ቀደም ብላ ልጇን ልትወስድ መጣችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አዳመጠች። የሐዲድ ጠባቂው ልጆች ታሪክ ላይ ነበርን። ወንድምየው ራሱን እህቱ ጭን ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው፤ አለቀ። የኪራን እናት ሳቀች።

«ይህን ፊልም ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ» አለች። «ግን ልጁ ተኝቶ አይደለም። ሞቶ ነው።»

ለጋሼ ደምሴ ተረጎምኩላቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ሞቶ ነው እንዴ? እኔኮ ደክሞት ተኝቶ ነው የመሰለኝ! ስንቴ አየሁት!»

ህንድኛ አንድ ቃል እንደማያውቁ የገባኝ ያኔ ነው። ሸራው ላይ የሚያነቡት ጽሑፍም አልነበረም። ያን ሁሉ ንግግር፣ ያን ሁሉ «ልጄ፣ መጣህልኝ»፣ ከተዋናዮቹ ፊት እያነበቡ ራሳቸው ነበሩ የሚሞሉት። የኪራን እናት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ጋሼን የማጽናናበት ቃል ስፈልግ ኪራን ቀደመችኝ።

«ተኝቶ ነው» አለች እናቷን ተቆጥታ። «እሳቸው ያሉት ነው ትክክሉ።»

ይህንንም በገዛ አፌ መተርጎም ነበረብኝ። ጋሼ ደምሴ ግንባሯን ሳሟት።

ኪራኖች ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። እሷ ቶሮንቶ ፊልም ተማረች፤ እኔ ጥርስ ክሊኒክ ሥራ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ቸስተርሚር ቤት ገዛን። አጫጭር ፊልሞች እንደምትሠራ እሰማ ነበር። የህንድ ስደተኛ ልጆች የሚሠሯቸው ፊልሞች የሚወደሱበት ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ስሟን እፈልጋለሁ፤ ሳጣው ቀለል ይለኝ ነበር። ባለፈው ሰመር ግን ቴክስት አደረገችልኝ፤ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ዳውንታውን ሊታይ ነው፣ ጋሼን ይዘሽልኝ ነይ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የደን ቃጠሎ ጭስ ከተማው ላይ ወርዶ ፎቆቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም። ጋሼ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክንዴን ይዘው ገቡ። መብራቱ ጠፋ። ሸራው ላይ ቤዝመንታችን መጣ፤ የሰመጠው ሶፋ፣ ሰማያዊው እሳት፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠች ህንዳዊት ልጅ። ጎን ላይ ማንም የለም። ሽማግሌው በአማርኛ ይናገራሉ፣ ልጅቷ ዝም ብላ ይገባታል፣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ተመልካቹ እንዲገባው ከሥር በእንግሊዝኛ ተጽፏል። «ልጄ፣ መጣህልኝ?» ሲባል ከሥር የተጻፈው ደረቅ የእንግዳ ሰላምታ ነበር። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ከዚያ የተሻለ ብዬው ነበር። 

ሲያልቅ ኪራን መድረክ ላይ ወጥታ ጋሼን አስነሣቻቸው፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። «ቋንቋቸውን አላውቅም ነበር» አለች በማይኩ። «ግን ሁሉም ይገባኝ ነበር።» ጋሼ ደምሴ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ምን አለች?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።

ከአዳራሹ ውጭ አቀፈችኝ። አልቻልኩም፤ «እኔስ የት ሄድኩ?» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሊያ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለች። «እንደነበርሽ አውቃለሁ። ግን የአንቺን ድምፅ አላስታውሰውም። ሳስታውስ የሚሰማኝ የእሳቸው ድምፅ ነው፤ በእንግሊዝኛ። ለመጻፍ ስቀመጥ ያገኘሁት ያን ድምፅ ብቻ ነው።»

ልትጎዳኝ እንዳልፈለገች አይቻለሁ። ኮንግራጁሌሽንስ ብዬ ወጣሁ።

ጋሼ ደምሴን በመኪናዬ ወደ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ስንደርስ «ልጅቷ ጎበዝ ናት» አሉ። «ግን ዋናውን አላሳየችውም።»

«ምኑን?»

«አንቺን ነዋ።»

መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። «እርስዎ እኮ እሷ ከሌለች አይነግሩኝም ነበር» አልኳቸው። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት መሆኔን የሚመሰክር ድምፅ አልነበረም።

«እሷ ከሌለች ለማን ትነግሪያለሽ?» አሉኝ ተገርመው። «እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ዞረሽ በዚያ በማይገባኝ ቋንቋ ትጀምሪያለሽ፤ እጅሽ፣ ዓይንሽ፣ ያ የእናትየዋ ነገር ላይ ስትደርሺ አንገትሽን የምታደርጊው... እሱን ለማየት እኮ ነው የምቸኩለው። አገሬ ሲኒማ ቤት የገባሁ ነበር የሚመስለኝ። አንዳንዴም አለቅስ ነበር።»

የቤታቸውን መታጠፊያ አልፌ ነዳሁ። 

ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። የኪራን ፊልም በየከተማው እየታየ ነው፤ ስለ እሱ አንድ ጥሩ ነገር በተጻፈ ቁጥር እዚያው የድሮው ቦታ ላይ ይቆጠቁጠኛል። ፊልሙ የእሷ ነው፤ ያስታወሰችውን ነው የሠራችው፣ በዚያ ልከሳት አልችልም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እነዚያን ምሽቶች ሁሉ እየተረጎምኩ፣ ኪራን ማንን እንደምታይ ስጠብቅ፣ ጋሼ ደምሴ ማንን እንደሚያዩ አንድም ቀን ዞሬ አላየሁም።