የሁዳ ስህተቶች

የትምወርቅ፣ ደጎሎ ከተማ አጠገብ ተወልዳ፣ ማሻ ላይ ማስተማር ጀምራ፣ መካነ ሰላም ላይ የከረመች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማሪን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስታሳድድ ኖራለች። አምና ግን እስክሪብቶው ሥራ ፈታ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚንተባተቡ ልጆች እንከን የማይወጣለት ድርሰት ይዘው ይመጡ ጀመር። ስልካቸው ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚጽፍላቸው ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። «ይሄ የእናንተ አይደለም» እያለች ደብተር መለሰች። ስልክ ካስተማራቸው እኔ ምን ልሠራ ነው የምቆመው የሚለው ሐሳብ ግን እህል አላስበላ አላት።

ዘንድሮ ስህተቱ ተመልሶ መጣ። በተለይ የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ሁዳ ስትስት ለጉድ ነው። የትምወርቅ ደስታዋን አትጠይቁ፤ ሰው በስህተት እልል አይልም እንጂ እሷስ ልትል ምንም አልቀራት።

የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊው ውበቱ፣ «ዐርብ ከዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ይመጣሉ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመምህራንን አስተያየት ይሰማሉ፤ አንቺ ትጀምሪያለሽ» ሲላት ወዲያው እሺ አለች። ልጆቻችን ዛሬም በራሳቸው ጭንቅላት ይጽፋሉ፣ መምህርም ገና ያስፈልጋል ልትል ነው። ማስረጃዋ የሁዳ ደብተር ነው። ንግግሩን በአማርኛ ጽፋ፣ እንግዳ ፊት እንዳላፍር ብላ እንግሊዝኛውን ስልኳን አስጻፈችው። ለአንድ ቀን ምን አለበት?

ዐርብ፣ ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ማስረጃዬን ልያት ብላ ደብተሩን ገለጠች። ሁዳ ትናንት ያስገባችው ድርሰት የመጀመሪያ መስመር፣ በልጅቷ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ እንዲህ ይላል፦ «በጠየቅሽኝ መሠረት፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራቸው ዓይነት አሥር ስህተቶች የገቡበት ድርሰት ይኸውልሽ።» ልጅቷ መስመሩ የድርሰቱ አካል መስሏት አብራ ገልብጣዋለች። የትምወርቅ ስህተቶቹን ቆጠረች። አሥር ናቸው፤ አንድም አልጎደለም።

ሁዳን ከክፍል አስጠራቻት። ልጅቷ መስመሩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለምን ሁዳ?»

«ወላሂ ቲቸር፣ እርስዎን ለማታለል አልነበረም» አለች አንገቷን ደፍታ። «ያለ ስህተት ስናመጣ የእናንተ አይደለም አሉን። በስህተት ስናመጣ ደግሞ ደስ አለዎት። እኔ ደስ እንዲልዎት ነው።»

የትምወርቅ ደብተሩን ዘጋች። ልትቆጣ ፈለገች፣ ቁጣው አልመጣላትም። የመጣባት ፍርሃት ብቻ ነው። ልጅቷን ወደ ክፍሏ ሰደደቻት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ከአዳራሹ በር ላይ ውበቱ «የትምወርቅ፣ እንግዶቹ ገብተዋል» ብሎ ተጣራ። እሷ ግን ከቦርሳዋ የራሷን ንግግር አውጥታ የመጀመሪያውን መስመር ታነባለች። ከዚያ የመጨረሻውን። ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። እሷም እንደ ሁዳ ከስልክ በእጇ ነው የገለበጠችው።